ስለ ኮርያዎቹ ልጆች፣ ስለ «የኛ» እና ስለ ስፖርት ክፍሉ ቁልፍ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ስለሚል ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት። ዳታ የምትቆጥቡ ደግሞ አትስጉ፣ ቪዲዮ የለውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የመምህራን ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው የዓመቱ መዝጊያ ፕሮግራም ነው። ማን ግጥም ያነባል፣ ማን ድራማ ይሠራል፣ ወላጅ በስንት ሰዓት ይግባ፣ ለስላሳ ይገዛ አይገዛ፣ ይሄ ይሄ። ከተማሪዎች ከመጡት ማመልከቻዎች አንዱ የአምስት ሴት ልጆች ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ናቸው። በደብተር ወረቀት ላይ ስማቸውን ደርድረው፣ የኮርያ ዘፈን በዳንስ እናቀርባለን፣ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፣ አለባበሳችን ዩኒፎርም ነው ብለው ጽፈዋል። ዩኒፎርም የምትለዋን የጨመሯት ምን እንደሚባሉ ቀድመው ስላወቁ ነው። ብልጦች ናቸው።

ወረቀቱ ሲነበብ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አንዱ «እኛን ከኮርያ ጋር ምን አገናኘን?» አለ። ሌላው «እስክስታ ጠፍቶ ነው?» አለ። አንዷ ደግሞ፣ እሷ ከልቧ ነው የጠየቀችው፣ «መልእክቱ ምንድን ነው? ተማሪው ምን ይማርበታል?» አለች። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም፣ ውድቅ ሆነ። እኔ የስፖርት መምህራቸው ነኝ። ማመልከቻውን አስገቡ ብዬ የገፋፋኋቸውም እኔው ነኝ። እጄን ግን አላወጣሁም። ዲግሪና ማስተርስ ባላቸው ሰዎች መሐል በዲፕሎማ የተቀመጠ ሰው እጁን ከማውጣቱ በፊት ትንሽ ያስባል ልላችሁ ነበር፣ ግን ይሄ ሰበብ ነው። ፈራሁ፣ በቃ።

እዚያ ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገር።

መጀመሪያ «ምን አገናኘን» የምትለዋን። ኮርያ ሲነሳ ሁላችንም አፍ ላይ የምትመጣው ቃኘው ሻለቃ ናት። በ1943 ዓ.ም. ባሕር ተሻግረው የዘመቱ አባቶቻችን፣ ክብር ይገባቸዋል። ግን የፎገራ ሰው ኮርያን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም፣ የምሳ ሳህኑን ይይ። ሩዙን ማን አመጣልን? በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ፣ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች መጥተው በጅግናና በሻጋ አምራች ማኅበራት አስጀመሩት። «ኤክስ ጅግና» የምንለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚችው ከጅግና ነው። ሰሜንና ደቡቡ አንድ አይደሉም ትሉኝ ይሆናል። አይደሉም፣ አውቃለሁ። እነዚያ ዘር ይዘው መጡ፣ እነዚህ ዘፈን ይዘው መጡ። እኔ የምለው፣ ከኮርያ የመጣ ነገር ለዚህ ሜዳ ባዕድ ነው ብሎ የሚስቅ ሰው ምሳውን በልቶ ባይመጣ ይሻለው ነበር።

አንድ የሰፈራችን አዛውንት ሲያጫውቱኝ፣ ያኔ ሩዝን ሰው እንደ ምግብ አልቆጠረውም ነበር አሉኝ። «ተቀቅሎ የሚጣበቅ እህል ምን ይሉታል እያልን ስቀናል» አሉ። እሳቸው ዛሬ ከሩዝ በቀር ሌላ ክረምት ላይ አይዘሩም። ምክንያቱን እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ጤፍ ውሃ አይችልም፣ ሩዝ ግን ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ያድጋል። ሲታጨድ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራበታል። በደርግ ማብቂያ ማኅበራቱ ሲፈርሱ ባለሙያውም አልነበረም፣ ድጋፉም አልነበረም። ዘሩ ግን ቀረ። ጥቂት ገበሬዎች በየማሳቸው ያዙት፣ ከእነሱ ጎረቤት ወሰደ፣ ከጎረቤት ሌላው። ዛሬ በወረታ ስንትና ስንት መፈልፈያ ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም እዚሁ እኛ ጋ ነው። ይችን የዘር ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ልጆቹ።

ከአምስቱ አንዷ፣ ቁመቷ አጠር ያለችው፣ በ2015 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰች ጊዜ ነው ነገሩ የጀመራት። ወንድሟ ባጃጅ ይነዳል፣ ማታ ማታ ስልኩን ይሰጣታል። ሐምሌ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ኒውጂንስ የሚባለው የኮርያ ቡድን አምስት ልጆች «ጌት አፕ» የሚል አጭር አልበም አወጡ። እነሱ ሚኒ አልበም ይሉታል፤ ከነጠላ ዘፈን ይበልጣል፣ ከሙሉ አልበም ያንሳል። ስድስት ዘፈን ነው። ስድስቱም ተደምረው 12 ደቂቃ አካባቢ ናቸው። ስድስት ዘፈን በ12 ደቂቃ! አልበሙ ስሙን የወሰደባት ዘፈን እንዲያውም 36 ሰከንድ ብቻ ናት። እኔ መጀመሪያ ስልኩ ያቋረጠው መስሎኝ መልሼ ነካሁት፣ ልጆቹ ሳቁብኝ። ያቺ 12 ደቂቃ ግን በአሜሪካ የቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ ላይ 1ኛ ሆናለች። ያኔ ከአምስቱ ትልቋ 19 ዓመቷ፣ ትንሿ 15 ዓመቷ ነበር።

ልጅቷ ስድስቱንም አወረደች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ያንን ጊዜ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፣ ለብዙ ወራት ነው የቆየው። ስለሱ ሌላ አልልም። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፤ «ቲቸር፣ ለእኛ ከዚያ በኋላ አዲስ ዘፈን የሚባል አልነበረም። እነዚያው ስድስቱ ብቻ ነበሩ።» በሜሞሪ ካርድ ለጓደኛዋ ሰጠች፣ ጓደኛዋ በብሉቱዝ ለሌላዋ። አምስት የሆኑት እንዲያ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ከሰፈራቸው እስከ ትምህርት ቤቱ የሚሄዱበት መንገድ ከአልበሙ ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። ቤት በር ላይ የመጀመሪያውን ይከፍታሉ፣ ስድስተኛው ሲያልቅ ዘበኛው ጋ ደርሰዋል። ቢዘገዩ «ዛሬ ሁለት ጊዜ ሰማነው» ይላሉ።

የኮርያ ቋንቋ አያውቁም። ግጥሙን ግን በአማርኛ ፊደል ደብተር ላይ ጽፈውታል፣ በጆሮ እየሰሙ። አንዷ ደብተሯን አሳየችኝ፤ የኮርያ ዘፈን በእኛ ፊደል፣ ከጎኑ በእርሳስ ምልክት። የቱ ጋ ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ የቱ ጋ ቀኝ እግር እንደሚቀድም። የዜማ ምልክት ያለው የቤተ ክህነት መጽሐፍ ያየ ሰው ይገባዋል ምን እንደመሰለኝ። (ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለማነጻጸር አይደለም።)

አሁን እኔን የነካኝን ልንገራችሁ። የስፖርት መምህር ነኝ ብያለሁ። ስፖርት በሚያስተምር ሰው ላይ በየዓመቱ የሚደርስ ነገር አለ፤ ሴት ተማሪዎች ከሰባተኛ፣ ስምንተኛ ክፍል ጀምሮ ከሜዳው ይጠፋሉ። አሞኛል፣ ቀሚስ ነው የለበስኩት፣ ልብስ እጠብቃለሁ። ሩጫ ሲባል ግድግዳ ጥግ ይቀመጣሉ። ለዓመታት ሰነፎች ናቸው ብዬ ማርክ ቀንሼባቸዋለሁ። እነዚህ አምስቱም ከቀነስኩባቸው ውስጥ ናቸው። ታዲያ አምና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የረሳሁትን ኳስ ልወስድ ስመለስ፣ ከዕቃ ክፍሉ ጀርባ አገኘኋቸው። ስልኩን ጣሳ ውስጥ ከተውታል፣ ድምፁ እንዲጎላ። ላብ በላብ ሆነዋል። አንዷ ስትሳሳት ሁሉም ያቆማሉ፣ ከመጀመሪያው። እንደገና። እንደገና። ቆሜ ቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ ጊዜ። እኔ በፉጨትና በቁጣ ያላገኘሁትን ማንም ሳያዝዛቸው ከስልክና ከጣሳ ጋር ይሠሩታል። የዚያን ቀን ኳሱን ሳልወስድ ተመለስኩ።

«መልእክቱ ምንድን ነው» የምትለዋ ጥያቄ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ። ምክንያቱም ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት እኔም ጠይቄያታለሁ።

በ2005 ዓ.ም. ገና ጀማሪ መምህር ሆኜ ከወረታ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድቤ ነበር። በዚያ ዓመት «የኛ» የሚባል ነገር በሬዲዮ ጀመረ። ትልልቆቹ ታስታውሱታላችሁ። አምስት ሴቶች፣ ሜላት፣ ሚሚ፣ እሙዬ፣ ሳራ፣ ለምለም። በድራማው ውስጥ ኑሯቸው ለየቅል የሆኑ ልጆች ናቸው፤ አንዷ ጎዳና ላይ ያደገች፣ አንዷ ከሀብታም ቤት። በሙዚቃ ተገናኝተው ባንድ ያቋቁማሉ። ከሬዲዮው ውጭም አምስቱ በእውነት ይዘፍናሉ፤ «አቤት» የምትለዋ ዘፈናቸው በየባጃጁ ነበረች። ኋላ ከአስቴር አወቀ ጋር «ጣይቱ» የሚል ዘፈን ሠርተዋል። ከአስቴር ጋር! የድራማው ስርጭት የተነጣጠረው ደግሞ አዲስ አበባና እኛ ክልል ላይ ነበር። እንግዲህ ለእኛ ብሎ የተሠራ፣ በእኛ ቋንቋ፣ በአምስት ሴት ልጆች።

እኔ ነበርኩበት ቀበሌ አንድ ሱቅ በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ነበረው። ሰዓቱ ሲደርስ ሴት ተማሪዎቼ ስኳር የሚገዙ መስለው ይሰበሰባሉ። ከእነሱ መሐል አንዷ ሰባተኛ ክፍል ነበረች፣ በር ኋላ ቆማ ነው የምትሰማው፣ አባቷ እንዳያያት። «አቤት»ን ከአፍ እስከ ገደፏ በቃሏ ታውቃታለች። እኔ ደግሞ አዲስ መምህር፣ ማስተማር የሚሉት ትኩሳት የያዘኝ፣ ድራማው ሲያልቅ እዚያው አስቁሜ እጠይቃቸው ነበር። «እሺ፣ መልእክቱ ምንድን ነው? ምን ተማራችሁ?» ያለዕድሜ ጋብቻ ጎጂ ነው፣ ሴት ልጅ መማር አለባት፣ ይላሉ በአንድ ድምፅ። አንድም ቀን «ዘፈኑን ወደዳችሁት? የትኛዋን ትመርጣላችሁ? እስቲ ዝፈኑልኝ» አላልኳቸውም።

በሚቀጥለው መስከረም ያቺ ልጅ አልተመዘገበችም። ቤቷ ሄጄ ጠየቅኩ። ተድራለች። መልእክቱን ግን ከሁሉም አብልጣ ታውቀው ነበር።

የሬዲዮው ጥፋት ነው አላልኩም። አንድ ሬዲዮ ይሄን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ግን እንዲሸከም ተደርጎ ነበር የተሠራው፣ ችግሩም እሱ ይመስለኛል። «የኛ»ን ያቋቋመው ገርል ኢፌክት የሚባል ድርጅት ነው፤ ናይኪ ፋውንዴሽን የፈጠረው። ከብሪታንያ መንግሥት እርዳታ ያገኝ ነበር። በ2009 የገና ሰሞን ግን ነገሩ ተበላሸ። ዴይሊ ሜይል የሚባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ልጆቹን «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» እያለ፣ የግብር ከፋዩ 5.2 ሚሊዮን ፓውንድ ለዘፋኝ ተሰጠ ብሎ ዘመተባቸው። ልክ በእኛ የገና ዋዜማና ዕለት የብሪታንያ የልማት መሥሪያ ቤት፣ ሚኒስትሯ ፕሪቲ ፓቴል በነበሩበት ጊዜ፣ ድጋፉን አቆመ። ገንዘቡን በተሻለ መንገድ ማዋል ይቻላል አሉ።

ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። አሁንም ያናድደኛል፤ ገንዘቡ ሬዲዮውንም ውይይቱንም ሌላውንም ሥራ የያዘ ሆኖ ሳለ አምስት ልጆች ኪሳቸው የከተቱት አስመስለው ነው የጻፉት። ግን ዛሬ ዞር ብዬ ሳየው የገረመኝ ሌላ ነው። ተቃዋሚዎቹ ስለ ፓውንድ አወሩ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ስንት ሺህ ሴት አመለካከቷ እንደተቀየረ፣ ስንት ሰው እንዳዳመጠ አወሩ። ከሁለቱም ወገን ስለ ዘፈኑ ያወራ ሰው አልሰማሁም። ጥሩ ነው? ዜማው ይይዛል? ቀጣዩ መቼ ነው የሚወጣው? ሙዚቃ የሚሠራ ሰው የሚጠየቀው ይሄ ነበር። የእኛዎቹ ልጆች ግን በመጡበት ጥቅማቸው ተጠየቀ፣ በሄዱበትም ጥቅማቸው ተጠየቀ።

«የኛ» የሚለው ስም ከዚያም በኋላ በቴሌቪዥን ድራማ ቀጥሏል፤ ራሔል ጌቱም ለብቻዋ ወጥታ አልበም ሠርታለች፣ ድምፅዋን የማይወድ የለም። ስለዚህ ሁሉም ጠፋ አይባልም። አምስቱ አንድ ላይ ቆመው የሚዘፍኑት ነገር ግን እኛ ጋ አልደረሰም።

ያቺ ተማሪዬን ከዓመታት በኋላ ወረታ ገበያ አገኘኋት። ቲማቲም ትሸጣለች፣ ልጅ አዝላለች። መጀመሪያ ያወቀችኝ እሷ ናት፣ «ቲቸር!» ብላ ተነሳች። ስለ ቤት፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «እነዚያ ልጆች አሁንስ ይዘፍናሉ?» መጀመሪያ የትኞቹ እንደሆኑ አልገባኝም። ሲገባኝ መልስ አጣሁ። ቲማቲሙን ከሂሳቡ በላይ ጨምራ ከረጢቴ ውስጥ ከተተችልኝ። ከዚያ ሁሉ መልእክት ውስጥ እሷ ዘንድ የቀረው ልጆቹ ናቸው፣ ድምፃቸው። ናፍቀዋታል።

እንግዲህ ወደ ሩዙ ልመለስ። ማኅበሩ ሲፈርስ የጅግና ዘር የቀረው ገበሬው ስለተመከረ አይደለም። ስለጣመው ነው፣ ገበያ ስላወጣው ነው፣ የሚዘራበት መሬት ስለነበረው ነው። «የኛ» የሚባለው ዘር ሲመጣ ጣዕሙን ልጆቹ ወደውት ነበር። የሚዘሩበት መሬት ግን የለም። ያቺ በር ኋላ የቆመች ልጅ ዘፈኑን ወደደች፤ ከዚያስ? የት ትዝፈነው? ከማን ጋር? በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ሰዓት? እኔ መምህሯ ሆኜ እንኳ መልእክቱን ከመጠየቅ በቀር የሰጠኋት ነገር የለም።

እስቲ ሌላ ልጠይቅ። ወንዶቹ ልጆች በየቀኑ ኳስ ይጫወታሉ። ሜዳ አላቸው፣ ማልያ ሰብስበን ገዝተናል፣ ለውድድር ሲሄዱ መኪና ለምነናል። «የኳሱ መልእክት ምንድን ነው? ተማሪው ምን ይማርበታል?» ብሎ የጠየቀ መምህር አለ? ማንቸስተር ሲጫወት ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ባልደረባዬ ነው «ከኮርያ ጋር ምን አገናኘን» ያለኝ። ከማንቸስተር ጋር ምን አገናኘህ፣ ወንድሜ? (ያልኩህን ታውቀዋለህ፣ ተቀየመኝና ቡና እጋብዝሃለሁ።) ወንድ ልጅ ደስ ብሎት ብቻ እንዲጫወት እንፈቅዳለን። ሴት ልጅ ግን ደስታዋን ይዛ ስትመጣ ደረሰኝ እንጠይቃታለን።

የኮርያው ነገር ገነት ነው እያልኩም አይደለም። ልጆቹን ከአሥራዎቹ ዕድሜያቸው ጀምሮ ኩባንያ ይዞ ለዓመታት ያሠለጥናቸዋል፣ ውላቸው ረጅም ነው፣ መዝፈናቸውም ፊታቸውም የንግድ ዕቃ ነው። አልበሙ የሚሸጠው ውስጡ የልጆቹ ፎቶ ካርድ ተደርጎበት ነው፣ ወዳጆቻቸው የተለያየ ካርድ ለማግኘት አንዱን አልበም ደጋግመው ይገዛሉ። አጭር አልበም የሚወደደውም ለዚሁ ነው፤ ቶሎ ያልቃል፣ ቶሎ ይወጣል፣ ዓመቱን ሙሉ ሰው እንዲጠብቅ ያደርጋል። እነዚያ አምስቱ ኒውጂንሶችም በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከኩባንያቸው ጋር ተጣልተው ውላችን ፈርሷል ብለው አወጁ፤ በጥቅምት 2018 የሴኡል ፍርድ ቤት ውሉ የጸና ነው ብሎ ፈረደባቸው። ይሄን ለልጆቼ ነግሬያቸው ነበር፣ አዲስ ነገር የነገርኳቸው መስሎኝ። ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። አንዷ «ቲቸር፣ ውል ከመፈረም በፊት ማንበብ ነው» አለችኝ። መልእክት ፈላጊዎች፣ ይኸውላችሁ መልእክት።

ግን ከዚያ ንግድ ውስጥም አንድ የምወድላቸው ነገር አለ፤ ትንሽነቱ። እኛ ጋ ዘፋኝ ማለት አሥራ ምናምን ዘፈን እስኪሞላ አምስት ስድስት ዓመት የሚጠበቅ ሰው ነው። ለትልቅ ዘፋኝ ያምርበታል። ለወረታ አምስት ልጆች ግን? ስድስት ዘፈን፣ 12 ደቂቃ። ይቻላል። ስልክና ጣሳ ያለው ሰው ሊጀምረው ይችላል። የመጀመሪያው የኒውጂንስ አጭር አልበም እንዲያውም አራት ዘፈን ብቻ ነበር፣ በ2014 ክረምት።

«ባህላችን» ለምትሉኝ ደግሞ፤ እኔም ባህሌን እወዳለሁ። አበባየሆሽ ምንድን ነው? ሰብሰብ ያሉ ሴት ልጆች፣ አንዷ አውጪ፣ ሌሎቹ ተቀባይ፣ እኩል የሚያጨበጭቡ፣ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ፣ አስቀድመው የተለማመዱ፣ በየቤቱ እየዞሩ ዘፍነው ያገኙትን ገንዘብ ማታ ቁጭ ብለው የሚካፈሉ። ኩባንያ የለባቸውም፣ ለጋሽ የለባቸውም፣ ሒሳቡን የምትይዘው ራሷ አንዷ ልጅ ናት። መልእክቱ ምንድን ነው ብሎ በር ላይ ያስቆማቸው አባወራ አላውቅም። ድፎ ዳቦውን ቆርሶ ይሰጣል። እነዚህ አምስቱም አበባየሆሽ አብረው ሲዞሩ ያደጉ ናቸው፤ አንዷ እንደነገረችኝ ማን የት እንደሚቆም የለመዱት ከዚያ ነው። እስክስታም ይችላሉ፣ ለነገሩ። ከሳቁት መምህራን ይበልጣሉ፣ እኔን ጨምሮ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ባልደረቦቼ ይህን እንደምታነቡት አውቃለሁ። አምስት ደቂቃ ነው የተጠየቀው፣ በዩኒፎርም። ሰኞ አጀንዳውን እንደገና አስነሳለሁ፣ በዚህኛው ጊዜ እጄን አወጣለሁ። ብትስቁም ሳቁ። «አይሆንም» ካላችሁ ምክንያቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍልኝ፣ ለልጆቹ የማነብላቸው ነገር እንዲኖረኝ።

ቃለ ጉባኤው ምንም ይበል፣ የስፖርት ዕቃ ክፍሉ ቁልፍ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ኳሶቹንና ፍራሾቹን ወደ አንድ ጥግ ገፋ አድርጌ መሐሉን ባዶ አድርጌዋለሁ። ሲሚንቶ ወለል ነው፣ ለእግር ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ከጓሮው ድንጋይ ይሻላል። ቅዳሜ ከሰዓት ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ክፍት ነው። ወላጆች፣ እኔም ባለቤቴም እዚያው እንሆናለን፣ አትስጉ። ከአምስቱ ውጪ የሚመጡም ካሉ ይምጡ።

ባለፈው ቅዳሜ ስከፍትላቸው ያቺ አጠር ያለችው አንድ ነገር አሳየችኝ። በደብተሯ መጨረሻ ገጽ፣ በአማርኛ፣ የራሳቸው ነው። ገና ሁለት ደቂቃም አትሞላም፣ መሐሏ አልተጨረሰም፣ ስለ ምን እንደሆነችም አልነግራችሁም። ዘፈኗን አንብቤ አፌ ላይ የመጣችው ያቺው የድሮዋ ጥያቄ ነበረች። ዋጥኳት። «እስቲ ዝፈኑልኝ» አልኩ።

ስልኩ እስካሁን ጣሳ ውስጥ ነው። ወረታ ወይም ባሕር ዳር ያላችሁ፣ የማትጠቀሙበት ስፒከር ካላችሁ፣ ትንሽም ቢሆን፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ባሕር ዳር ላለው እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ።